ሻጭ ስለማይከፍል ገዢ የሚሰጠው ምስክርነት

ንግድ ማለት ዕቃን በገንዘብ መለወጥ ብቻ መስሎ የሚታያቸው ብዙ ሰዎች አሉ። ነገር ግን ነገሩ በጥልቅ ሲመረመር ከዕቃውና ከገንዘቡ የሚቀድም ሦስተኛ ነገር መኖሩ ይታወቃል፤ ይኸውም እምነት ነው። ሻጭ ዕቃውን የሚሰጠው ገዢው ይከፍለኛል ብሎ ነው፤ ገዢም ገንዘቡን የሚያወጣው ዕቃው እንደ ተነገረው ሆኖ ይገኛል ብሎ ነው። ሁለቱ ፊት ለፊት ተያይተው እጅ በእጅ ሲለዋወጡ እምነት ብዙም አይፈለግም። ዕቃው ዛሬ ተሰጥቶ ገንዘቡ ነገ ሲጠበቅ፣ ወይም ሻጩ በሲቀላ ገዢው በአዲስ አበባ ሆነው ሲገበያዩ ግን ያለ እምነት አንዲት እርምጃ እንኳ መራመድ አይቻልም።

በአገራችን ስለ አጭበርባሪ ሻጭ ብዙ ይነገራል፤ ሚዛን ስለሚያጎድለውና ቅቤን ከሌላ ነገር ስለሚደባልቀው ነጋዴ ያልሰማ የለም። ዕቃ ወስዶ ስለማይከፍል ገዢ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። እንግዲህ ሻጭ እንዲህ ያለ ገዢ ሲገጥመው ለሌሎች ሻጮች መንገር ይገባዋልን? የሚገባውስ ከሆነ ለማን፣ እንዴትና ምን ያህል? በዚህ ጽሑፍ የምመረምረው ይህንን ነው። ርዕሱን የመረጥኩበት ሌላም ምክንያት አለኝ። እኔ ራሴ በዚህ ነገር ተሳስቼ ሰው ስለ በደልኩ ነው። ስሕተቴንም ሳልደብቅ በቦታው እገልጻለሁ።

በመጀመሪያ የአባቶቻችንን ልማድ እንመልከት። በቀድሞው ዘመን ባለ ገንዘብና ባለ ዕዳ በተካሰሱ ጊዜ የሁለቱን ልብስ ጫፍ ለጫፍ ቋጥሮ፣ ወይም በሰንሰለት አቆራኝቶ አብረው እንዲውሉ የማድረግ ሥርዓት ነበረ። ይህም ቁራኛ ይባል ነበር። ዛሬ «የበሽታ ቁራኛ ሆነ» ስንል የምንጠራው ያንኑ ቃል ነው። ባለ ዕዳው የታመነ ዋስ ያቀረበ እንደ ሆነ ከቁራኛው ይፈታል፤ ካላቀረበ ግን ነገሩ እስኪቆረጥ ድረስ አይለያዩም። ይህ ልማድ ለዛሬ ሰው ጭካኔ መስሎ ይታያል፤ እኔም ተመልሶ ይምጣ አልልም። ሆኖም አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለበት። ቁራኛ ለባለ ዕዳው ብቻ ሳይሆን ለከሳሹም እስራት ነበረ። ከሳሹም እርሻውንና ንግዱን ትቶ ከተከሳሹ ጋር መዋል ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ ሰውን «ባለ ዕዳዬ ነው» ብሎ በከንቱ ለመያዝ የሚቸኩል ሰው ብዙ ሊሆን አይችልም። መክሰስ ዋጋ ያስከፍል ነበርና።

ሁለተኛው ልማድ እስከ ዛሬ ያለው እቁብ ነው። በእቁብ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ዋስ ይጠራል። ምክንያቱም ገንዘቡን አስቀድሞ ከወሰደ በኋላ የቀረውን መዋጮ ሊያቋርጥ ይችላል ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። ዳኛውና ጸሐፊው ማን እንደ ከፈለና ማን እንዳልከፈለ በደብተር ይይዛሉ፤ የከፈለም ያልከፈለም በማኅበርተኞቹ ዘንድ ይታወቃል። ነገር ግን ወሬው ከማኅበሩ ወጥቶ በየመንገዱ አይነዛም።

ሦስተኛው በእኛ በጋሞ አገር የሚገኘው ዱቡሻ ነው። ዱቡሻ ሽማግሎች ተቀምጠው ነገር የሚሰሙበት የጉባኤ ሜዳ ነው። በዚያ ላይ ከሳሽም ተከሳሽም ቆመው ይናገራሉ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። በዱቡሻ ሐሰት መናገር ጎሜ ነው ተብሎ ይፈራል፤ ጎሜውም በሰውየው ላይ ብቻ ሳይቀር በቤቱና በከብቱ ላይ ይደርሳል ይባላል። በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የደረሰውን ሰምተው የተቆጡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ ለበቀል በተነሡ ጊዜ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበርክከው ያልበደለ ሰው እንዳይነካ ያስቆሟቸው ከዚሁ ሥርዓት ባገኙት ትምህርት ነው። ሳይሰሙ መቅጣት ነውር መሆኑን ለማስተማር ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ ለእኛ ለአርባ ምንጭ ልጆች የሚያስፈልገን አይመስለኝም።

አሁን ወደ ሲቀላ ገበያ እንመለስ። አጎቴ በገበያው አጠገብ አነስተኛ ሱቅ አላቸው። ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙናና ፓስታ ለሰፈሩ ሰው በዱቤ ይሰጣሉ፤ ደመወዝ ሲወጣ ይቀበላሉ። የዱቤ ደብተራቸው እንደሚከተለው ነው። በአንድ ገጽ የአንድ ቤተሰብ ስም ይጻፋል፤ ከሥሩ ቀኑ፣ የዕቃው ዓይነትና ዋጋው ይሰፍራል። ደንበኛውም በቤቱ ያንኑ የሚመስል ትንሽ ደብተር አለው፤ ዕቃ በወሰደ ቁጥር በሁለቱም ላይ ይመዘገባል። በወሩ መጨረሻ ሁለቱ ደብተሮች ጎን ለጎን ተዘርግተው ይመሳከራሉ። ሒሳቡ ሲዘጋ አጎቴ በገጹ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዙበታል።

አንድ ቀን ሌላ ባለሱቅ መጥቶ «ለእገሌ ዱቤ ልስጠው ወይስ ልተው?» ብሎ ሲጠይቃቸው ሰማሁ። አጎቴም ደብተሩን ገልጠው «እኔ ዘንድ ከሐምሌ ጀምሮ 640 ብር አለበት፤ ሁለት ጊዜ ጠይቄው ነገ እከፍላለሁ ብሎኛል» ብለው መለሱለት። ሰውዬው ሲሄድ እኔ «ጋሼ፣ ለምን አጭበርባሪ ነው ብለው አልነገሩትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም «ያለበትን ገንዘብ አውቃለሁ፤ ልቡን ግን አላውቅም። ምናልባት ታሞ ይሆናል፤ ምናልባትም ደመወዙ ቀርቶበት ይሆናል። እኔ የምመሰክረው ደብተሬ ላይ ያለውን ነው» አሉኝ። በዚያን ጊዜ መልሳቸው ፍርሃት መስሎኝ ነበር። የቃላቸው ትርጉም የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ዱቤ በሱቅ ብቻ የሚቀር አይደለም። ከላንቴና ከጫኖ ማሳዎች የሚነሣው ሙዝ በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። አንዳንዱ ገበሬ ሙዙን ለነጋዴ አስረክቦ ገንዘቡን ነጋዴው ሸጦ እስኪመለስ ይጠብቃል። ሙዝ ደግሞ እንደ ብረት ወይም እንደ ጣውላ አይደለም፤ ካልተከፈለኝ መልስልኝ ቢባል የሚመለሰው የበሰበሰ ነው። ልብስም እንደዚሁ ነው። የዶርዜ ሸማኔ ገዢው በመረጠው ጥለትና ልክ ጋቢ ሠርቶ ገዢው ከቀረበት፣ ያንን ጥለት የሚወድ ሌላ ሰው እስኪመጣ ድረስ ድካሙ በቤቱ ተጣጥፎ ይቀመጣል። ስለዚህ የማይከፍል ገዢ የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። አንዱን ሻጭ አክስሮ ወደ ሁለተኛው የሚሄድም ስለሚኖር፣ የተጎዳው ሻጭ ፈጽሞ ዝም ቢል ለጎረቤቱ ጉድጓድ እያየ እንዳላስጠነቀቀ ሰው ይቆጠራል።

ይህ ጥያቄ በሌላው ዓለምም ተነሥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1995 ፒየር ኦሚድያር የተባለ ሰው በአሜሪካ በካሊፎርንያ በኢንተርኔት የሚካሄድ የጨረታ ገበያ አቋቋመ፤ ይህም ገበያ በኋላ ኢቤይ ተባለ። በዚህ ገበያ የሚገናኙት የማይተዋወቁ ሰዎች ስለ ነበሩ እ.ኤ.አ. በ1996 አንድ ዘዴ ተጀመረ። ሻጭና ገዢ ከተገበያዩ በኋላ አንዱ ስለ ሌላው ጥሩ፣ መካከለኛ ወይም መጥፎ ብሎ ይመሰክራል፤ አጭር ቃልም ይጨምራል። ምስክርነቱ በሰውየው ስም ሥር ተሰብስቦ ለሁሉ ይታያል። አሸንፎ ያልከፈለ ገዢ በሻጩ መጥፎ ይጻፍበታል፤ የተበላሸ ዕቃ የላከም ሻጭ በገዢው መጥፎ ይጻፍበታል። በመጀመሪያ ሲታይ ፍጹም ፍትሕ ይመስላል።

ነገር ግን ውሎ ሲያድር ጉድለቱ ታየ። ሻጩ የራሱን ምስክርነት ሳይሰጥ ይቆይና ገዢው አስቀድሞ እንዲናገር ይጠብቃል። ገዢው ስለ ዕቃው መጉደል እውነቱን የጻፈ እንደ ሆነ፣ ሻጩም በበቀል በገዢው ላይ መጥፎ ይጽፍበታል። ገዢው በወቅቱ የከፈለ ቢሆንም እንኳ ስሙ ይበላሻል። ከዚህ የተነሣ ብዙ ገዢዎች የተበደሉትን ከመናገር ዝም ማለትን መረጡ። ሬዝኒክና ዘክሃውዘር የተባሉ ሁለት ምሁራን የዚያን ገበያ መዝገብ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት፣ ምስክርነት የሰጡት ገዢዎች ከግማሽ ጥቂት ብቻ የሚበልጡ መሆናቸውን፣ ከሰጡትም ቃል ውስጥ መጥፎ የሆነው ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላ መሆኑን አሳይተዋል። ሁሉም ጥሩ የተባለበት ገበያ ደግሞ ማንም ያልተመሰከረለት ገበያ ያህል ነው።

ስለዚህ ኢቤይ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2008 ጀምሮ ሻጭ በገዢ ላይ መጥፎ ወይም መካከለኛ ምስክርነት እንዳይጽፍ ከለከለ። ብዙ ሻጮች ተቆጡ፤ ዕቃቸውን ከገበያው ያነሡም ነበሩ። «ገዢ ስለ እኛ የፈለገውን ሲናገር እኛ አፋችን ለምን ይዘጋል?» አሉ። አቤቱታቸው ከንቱ አልነበረም። ነገር ግን ሌላ መንገድ ነበራቸው። ያልተከፈለው ሻጭ «ይህ ገዢ አልከፈለም» ብሎ ለገበያው አስተዳደር ያመለክታል፤ ገዢው የሚከፍልበት ጊዜ ይሰጠዋል፤ ካልከፈለ በመዝገቡ ይያዝበታል፤ ይህም ከተደጋገመ ከመግዛት ሊታገድ ይችላል። ሻጩም የማይፈልገውን ገዢ ከራሱ መደብር ማገድ ይችላል። ኤርቢኤንቢ የተባለው የማደሪያ ቤት ገበያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ሌላ ዘዴ አበጀ፤ አከራይና እንግዳ ስለ እርስ በርሳቸው ሲጽፉ፣ ሁለቱም ጽፈው እስኪጨርሱ ወይም ቀኑ እስኪያልፍ የአንዱ ቃል ለሌላው አይታይም። በዚህም የበቀል ምስክርነት ተቀነሰ።

ከዚህ የምንማረው ምስክርነት በራሱ ጥሩ ወይም ክፉ አለመሆኑን ነው። ስለ ሥራው ሲሆን ይጠቅማል፤ ስለ ቂም ሲሆን ይጎዳል። ሻጩ «ገንዘቡ አልደረሰኝም» ሲል የሚመረመር ነገር ይናገራል፤ «ይህ ሰው ሌባ ነው» ሲል ግን ፍርድ ይሰጣል። መመስከርና መፍረድ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

አሁን የራሴን ስሕተት እናገራለሁ። ታላቅ እኅቴ የዶርዜ ጋቢና ነጠላ ከሸማኔዎች እየተረከበች በቴሌግራም ትሸጣለች። ዕቃው በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ይላካል። የምትሸጥበትን ገጽ የምጽፈውና ፎቶግራፉን የማነሣው እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት በጥር ወር አንድ ሰው ጋቢ አዘዘ፤ በደንበኛ የተላከ ስለ ሆነ ገንዘቡን ሳንቀበል ላክንለት። ዕቃውን በተቀበለ ዕለት 3,200 ብር መክፈሉን የሚያሳይ ስክሪንሾት ላከ። እኅቴ ሒሳቧን ብትመለከት ምንም የለም። በሐሰት የተሠራ ስክሪንሾት ብዙ ሰው ማታለሉን ሰምተን ስለ ነበረ ወዲያው ተጠራጠርን። እኅቴ «ትንሽ እንጠብቅ» አለች። እኔ ግን በሦስተኛው ቀን ማታ፣ ለእርስዋ ሳልነግር፣ የሰውየውን ስም፣ የስልክ ቁጥርና ፎቶግራፍ አውጥቼ «ከዚህ አጭበርባሪ ተጠንቀቁ» ብዬ ጻፍኩ። በሁለት ቀን ውስጥ ጽሑፉ ወደ ሌሎች የሻጮች ገጾች ተዛመተ። ብዙዎች አመሰገኑኝ፤ እኔም ጀግና የሆንኩ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ሰውየው ደወለ። ሳይቆጣ፣ በለሰለሰ ድምፅ «ወንድሜ፣ እኅትህ ሁለት የባንክ ሒሳብ አላት ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ነበራት። ገንዘቡ በዚያው ዕለት የገባው በቀድሞው ሒሳቧ ነበረ። የዚያ ሒሳብ መልእክት ይደርስ የነበረው በተዘጋ ሲም ካርድ ስለ ሆነ አላየነውም። የቀድሞውን የሒሳብ ቁጥር ያገኘውም ከእኛው ከራሳችን ገጽ፣ እኔ ሳላጠፋው ከተውኩት አሮጌ ማስታወቂያ ላይ ነው። ጥፋቱ ከሥሩ የእኔ ነበረ ማለት ነው። ወዲያው ጽሑፉን አጥፍቼ እርማት አወጣሁ፤ ይቅርታም ጠየቅን። እርሱም «ይቅርታውን ተቀብያለሁ። እናንተ ገንዘባችሁን አግኝታችኋል፤ እኔ ግን የመሥሪያ ቤቴን ሰዎች በየተራ እየጠራሁ ላስረዳ አልችልም» አለኝ። ክሱን ያየው ሰው እርማቱን ካየው በአምስት እጥፍ ይበልጥ ነበር፤ በሌሎች ገጾች ላይ የተዛመተውን ደግሞ ማጥፋት አልቻልኩም። ያ ሰው ከዚያ ወዲህ ከእኛ ገዝቶ አያውቅም። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የሚለው ተረት ለእኔ የተነገረ መሰለኝ።

ይህን ከቁራኛው ጋር ላስተያይ። በቀድሞው ጊዜ ከሳሹ ከተከሳሹ ጋር ታስሮ ይውል ነበር፤ እኔ ግን ከአልጋዬ ሳልነሣ፣ ሳልጠይቀውና ሳልሰማው፣ በአንድ ጣት ሰውን ከሰስኩ። መክሰስ እንዲህ በቀለለበት ዘመን ከሳሹ ራሱን በራሱ ካልገታ የሚገታው የለም።

የአገራችን ሕግም ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2044፣ ሰውን የተጠላ፣ የተናቀ ወይም የተዋረደ እንዲሆን በሚያደርግ ንግግር ወይም ጽሑፍ እምነት የሚጣልበትን ስሙን መጉዳት ስም ማጥፋት መሆኑን ይደነግጋል። የተነገረው ነገር እውነት መሆኑን ማስረዳት ለተናጋሪው መከላከያ ይሆነዋል፤ ለመጉዳት ብቻ ታስቦ የተነገረ ከሆነ ግን እውነትነቱ ሁልጊዜ አያድነውም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የሰው ስም፣ ስልክና ይህን የመሰለ መረጃ ያለ አግባብ እንዳይሠራበት ይጠብቃል። በሌላ በኩል ሕጉ ባለ ዕዳውንም አይተወውም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቁጥር 693 በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ የሚያወጣውን ሰው ይቀጣል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክም የብድር መረጃ ማዕከል አለው፤ አበዳሪ ባንኮች ብድር ከመስጠታቸው በፊት የተበዳሪውን የአከፋፈል ታሪክ ከዚያ ይመለከታሉ። ይህ የአጎቴ ደብተር በትልቁ ማለት ነው፤ የሚጻፍበት የገንዘቡ መጠንና የአከፋፈሉ ሁኔታ ነው፤ የሚመለከተውም ጉዳይ ያለው አበዳሪ ነው እንጂ መንገደኛ ሁሉ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ እኔና እኅቴ ለሥራችን ያወጣናቸውን ደንቦች፣ ለሌሎችም ይጠቅሙ ይሆናል ብዬ፣ ከዚህ በታች እዘረዝራለሁ።

1ኛ፤ ከመከሰስ በፊት መከላከል ይሻላል። ለማናውቀው ሰው ዕቃ የምንልከው ገንዘቡ በሒሳባችን መግባቱን ራሳችን ካየን በኋላ ነው። ስክሪንሾት ገንዘብ አይደለም። በልክ ለሚሠራ ዕቃ ደግሞ ሸማኔው ድሩን ከመዘርጋቱ በፊት ቀብድ እንቀበላለን።

2ኛ፤ የራስን መዝገብ አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል። ገንዘብ የጠፋ ሲመስል ሁሉንም ሒሳብና ከባንክም የሚገኘውን ማስረጃ ሳናይ በገዢው ላይ አንናገርም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባላልና።

3ኛ፤ ገዢውን መስማት ግዴታ ነው። በስልክ ደውለን ምክንያቱን እንጠይቃለን፤ የሚከፍልበትንም ቀን ቆርጠን እንሰጠዋለን።

4ኛ፤ የምንናገረው የሆነውን ብቻ ነው። «በዚህ ቀን ይህን ያህል ብር የሚያወጣ ዕቃ ወስዶ እስከ ዛሬ አልከፈለም» እንላለን፤ «ሌባ» ወይም «አጭበርባሪ» አንልም።

5ኛ፤ የምንናገረውም ለሚመለከተው ነው። ከዚያ ሰው ጋር ሊገበያይ ያሰበ ሻጭ ሲጠይቀን እንመልስለታለን። ፎቶግራፉን በአደባባይ አንለጥፍም።

6ኛ፤ ሲከፈል መሰረዝና የሰማውን ሁሉ መልሶ ማሳወቅ ይገባል። ቀይ እስክሪብቶ የሌለው የዱቤ ደብተር ግፍ ነው።

7ኛ፤ ፈጽሞ እምቢ ያለውን ሰው ለሽማግሌ ወይም ለፍርድ ቤት ማቅረብ ነው። ገንዘብን ማስመለስ የእነርሱ ሥራ ነው፤ ስም ማጥፋት ገንዘብ አያስመልስም።

ምናልባት «ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የማይከፍለውን ገዢ ለመጥቀም ነው» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔ ግን እንዲህ አላስብም። ምስክርነቱ የተጠነቀቀ ሻጭ በተናገረ ጊዜ ቃሉ ይታመናል። አጎቴ «640 ብር አለበት» ባሉ ጊዜ ያ ባለሱቅ ሁለተኛ አልጠየቀም፤ በሰው ላይ በከንቱ ተናግረው ስለማያውቁ ነው። እኔ ዛሬ ስለ አንድ ገዢ ብናገር ግን የዚያን ጊዜውን ስሕተቴን ያየ ሰው አምኖ አይቀበለኝም፤ እውነት ብናገርም እንኳ።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ብዙዎቻችን ትምህርታችንን ስንጨርስ በአንድም በሌላም መንገድ ሻጭና ገዢ መሆናችን አይቀርም። ገዢ ስንሆን በቀጠሮው ቀን እንክፈል፤ መክፈል ያልቻልን እንደ ሆነ ስልካችንን ከመዝጋት ደውለን እንናገር። ሻጭ ስንሆን ደግሞ ስለ ገንዘባችን ስንከራከር የሰውን ስም እንደ ራሳችን ገንዘብ ቆጥረን እንጠብቅ። 3,200 ብር በአንድ ወር ሥራ ይተካ ይሆናል፤ የጠፋ ስም ግን በስንት ወር ሥራ እንደሚተካ እስካሁን ያሰላልኝ ሰው የለም።